የድብርት መድኃኒት ሲታዘዝ የማቆሚያው መንገድም አብሮ ይነገር

የድብርት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከሐኪም ክፍል ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ተነግሮት ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ። መድኃኒቱ አንድ ቀን ሲቆም እንዴት እንደሚቆም የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ክፍተት ምክንያት ብዙ ታካሚ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ከዛሬ ነገ ያቋርጣል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ያዞረዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል ወይም ይቆጣል። ቤተሰቡም ተሰብስቦ ከሁለት ፍርድ አንዱን ይሰጣል፤ «መድኃኒቱ ሱስ አስይዞታል» ወይም «ሕመሙ ተመልሶበታል»። በተደጋጋሚ እንደማየው ሁለቱም ፍርድ ብዙ ጊዜ ልክ አይሆንም።

ውድ አንባቢያን፣ መድኃኒት የሚያቋርጥን ሰው ለመውቀስ አልተነሣሁም። ምክንያቶቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንዱ ተሽሎት ነው፤ የተሻለው ሰው ኪኒን የሚውጥበት ምክንያት አይታየውም። ሌላው በየፋርማሲው ዞሮ «አልቋል» ተብሎ ነው። ጠበል ሲገባ የሚያቆም አለ፣ ጾም ሲገባ የሚያቆም አለ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሲሄድ መድኃኒት በሻንጣ ይዞ መግባት ፈርቶ የሚተው አለ። ማርገዟን ባወቀች ዕለት ሁሉንም የምትጥል እናት አለች። መድኃኒቱ በትዳር ግንኙነት ላይ ያመጣውን ችግር ለባለቤቱም ለሐኪሙም መናገር አፍሮ በዝምታ የሚያቆመው ደግሞ ከምንገምተው በላይ ነው። ምክንያታቸው የተለያየ ይሁን እንጂ አእምሯቸው ውስጥ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው። እሱን የተረዳ ሰው ለምን ቀስ ማለት እንደሚያስፈልግ ሌላ ስብከት አይሻም።

የአእምሯችን የነርቭ ሴሎች በቀጥታ የተጋጠሙ አይደሉም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። አንዱ ሴል መልእክት ሲያስተላልፍ እንደ ሴሮቶኒን ያለ ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይለቃል። በማዶ ያለው ሴል፣ ባለሙያዎች ሪሰፕተር በሚሏቸው መቀበያዎቹ አማካይነት ይቀበለዋል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ሴሮቶኒኑ በክፍተቱ ውስጥ አይከርምም፤ የላከው ሴል መላሽ ፕሮቲኖች ስላሉት ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ሲታሎፕራምን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ሥራቸው እነዚህን መላሽ ፕሮቲኖች ማገድ ነው። ፕሮቲኑ ሲታገድ ሴሮቶኒኑ በክፍተቱ ውስጥ ይበዛል፣ ይቆያልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህ እገዳ የሚጀምረው ኪኒኑ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ታካሚው መሻል የሚጀምረው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ለምን? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ላኪው ሴል ራሱ የለቀቀውን ሴሮቶኒን የሚለካበት መቀበያ አለው። ብዙ ሴሮቶኒን ሲሰማው «በቃ» ብሎ የሚለቀውን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲቀጥል ግን ይህ መቀበያ ይለምደዋል፤ ስሜቱ ይደነዝዝና ሴሉ እንደገና በደንብ መልቀቅ ይጀምራል። በማዶ ያሉት መቀበያዎችም በቁጥርም በንቃትም ራሳቸውን ያስተካክላሉ። በአጭሩ አእምሮ ከመድኃኒቱ ጋር ቤት ይሠራል።

አሁን ያ መድኃኒት በድንገት ሲወጣ አስቡት። ሴሮቶኒኑ በክፍተቱ ውስጥ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ መቀበያዎቹ ግን ገና ለብዙ ሴሮቶኒን እንደተዘጋጁ ናቸው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አይታየውም። ዓይኑ አልተበላሸም፤ ቤቱም እሱ እንደመሰለው ድቅድቅ ጨለማ አይደለም። ዓይኑ የተስተካከለው ለፀሐዩ ስለነበረ ጊዜ ይፈልጋል። የዓይን መስተካከል ደቂቃዎች ይበቁታል፤ የመቀበያዎች መስተካከል ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

በነገራችን ላይ «ድብርት የሴሮቶኒን እጥረት ነው» የሚለው አባባል ለታካሚ ለማስረዳት ቢቀልም ነገሩን ከልክ በላይ ያሳጥረዋል። የታተሙትን ጥናቶች ሰብስቦ የመረመረ አንድ የለንደን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚህ አባባል ወጥ ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «እንግዲያው መድኃኒቱ ውሸት ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሮጠዋል፤ አልስማማም። ፓራሲታሞል ትኩሳት ያበርዳል፤ ትኩሳት የሚመጣው ግን በፓራሲታሞል እጥረት አይደለም። መድኃኒት የሚመዘነው ታካሚውን በመርዳቱ ነው፣ እነዚህም ብዙዎችን ረድተዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው፣ የባለሙያም ግምት ወደሚሳሳትበት ወደ መጠን ጉዳይ ልምጣ። መድኃኒቱ በግማሽ ሲቀንስ በአእምሮ ላይ ያለው ሥራም በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ፣ ቶሮንቶ የሠሩ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ምን ያህሉ መላሽ ፕሮቲን እንደተያዘ በልዩ የምስል መሣሪያ ለክተው ነበር። ሲታሎፕራም 20 ሚሊግራም፣ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም፣ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም፣ ማለትም የተለመደው ዝቅተኛው የሕክምና መጠን፣ ከመላሽ ፕሮቲኖቹ 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ሲታሎፕራም ወደ 40 ሚሊግራም ቢጨመር የሚያዘው 86 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 60 ሚሊግራም ቢያድግ 88 በመቶ ገደማ። መጠኑ ሦስት እጥፍ ሆኖ የተጨመረው ከመቶ 8 ብቻ ነው ማለት ነው።

ነገሩ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ባዶው ታክሲ ላይ አምስት ሰው ሲሳፈር አምስቱም ይቀመጣሉ። አስራ ሁለት ወንበር ባለው ታክሲ አስር ሰው ከተቀመጠ በኋላ የሚመጡት አምስት ሰዎች ግን ሁለቱ ብቻ ወንበር ያገኛሉ፤ ሦስቱ ትርፍ ናቸው። ትርፍ ሰው ታክሲውን እንደሚያጨናንቀው ሁሉ ትርፍ መድኃኒትም ማቅለሽለሹን፣ ላቡንና የወሲብ ችግሩን ይጨምራል እንጂ የዚያን ያህል ተጨማሪ ጥቅም አይሰጥም። ስለዚህ «ዛሬ ከፍቶኛልና ሁለት ልዋጥ» ማለት እንደ ራስ ምታት ኪኒን የሚሠራ ነገር አይደለም።

ይኸው ስሌት ወደ ታች ሲሄድ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር የተባሉ ሐኪምና የመድኃኒት ባለሙያ «ላንሴት ሳይካያትሪ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ይህን በደንብ አሳይተዋል። ሲታሎፕራም የሚወስድ ሰው ከ40 ወደ 20 ሚሊግራም ሲወርድ የተያዘው ፕሮቲን የሚቀንሰው ከመቶ 6 ያህል ነው። ከ20 ወደ 10 ሲወርድ 9 ያህል ይቀንሳል። ከ10 ወደ 5 ሲወርድ ደግሞ 13 ገደማ። ከ5 ሚሊግራም ወደ ባዶ ሲወርድ ግን ወደ 60 የሚጠጋ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። እንግዲህ መድኃኒቱን ከ40 ወደ 20 አውርዶ ምንም ያልተሰማው ሰው «ይኼማ ቀላል ነው» ብሎ የቀረውን 20 ቢጥለው፣ የጣለው ግማሹን ሳይሆን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ነው። በደረጃ ሲወርድ የመጨረሻው እርከን ከሁሉም የረዘመ መሆኑን ሳያውቅ ይረግጠዋል።

ሁሉም መድኃኒት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ እሱም፣ ከእሱ የሚፈጠረው ሌላ ንጥረ ነገርም በደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆዩ በራሱ ጊዜ የመቀነስ ባሕርይ አለው። በዚህም የተነሣ ሲቆም ብዙም አያስቸግርም፤ ካስቸገረም ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ሰውዬው መድኃኒቱን ማቆሙን ከረሳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሰርትራሊን በአንድ ቀን ገደማ መጠኑ በደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ቬንላፋክሲን ደግሞ በ5 ሰዓት አካባቢ፤ አንድ ቀን ሲረሳ እንኳ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። «አንድ ቀን እየዘለልኩ ልቀንስ» የሚለው የተለመደ ዘዴ ለእነዚህ ለሁለቱ የማይመከረው ለዚህ ነው፤ መቀበያዎቹን በየሁለት ቀኑ ከፀሐይ ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ ፀሐይ እንደ ማመላለስ ይሆናል።

አሚትሪፕቲሊንን ለብቻው ላንሣው፤ አገራችን ውስጥ በሰፊው ይታዘዛል፣ ለድብርት ብቻም አይደለም። ለማይግሬን፣ ለነርቭ ሕመም፣ ለእንቅልፍ የሚወስዱት ብዙዎች የድብርት መድኃኒት መሆኑን እንኳ አያውቁም። ይህ መድኃኒት ከሴሮቶኒን አልፎ ሌሎች መቀበያዎችንም ይነካል። አሴቲልኮሊን የተባለውን ኬሚካል መቀበያ ስለሚዘጋ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያስቸግራል። የሂስታሚንን መቀበያ ስለሚዘጋ ያስተኛል፣ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ለወራት ተዘግተው የነበሩት መቀበያዎች በድንገት ሲከፈቱ የተገላቢጦሹ ይመጣል፤ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት። ይህን ይዞ ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም፤ ደም ይሰጣል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይባላል፣ አንቲባዮቲክ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ በማንኛውም ክሊኒክ «ምን ሕመም አለብህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በቅርብ ያቆምከው መድኃኒት አለ ወይ?» የሚለው ቢታከል ብዙ ወጪና ድካም ይቀራል ባይ ነኝ። ካልጠየቁዎት እርስዎ ራስዎ ይንገሩ።

ታዲያ መድኃኒት በመቆሙ የመጣውን ስሜት ከሕመሙ መመለስ እንዴት እንለየው? መጀመሪያ ጊዜውን እንይ። የማቆም ምልክት አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ በተቀነሰ ወይም በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል። ድብርት ሲመለስ ግን ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ነው። ሁለተኛው የምልክቱ ዓይነት ነው። ማዞር፣ ሚዛን ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ጉንፋን ያለ የሰውነት መቆራረጥ፣ በተለይም ዓይን ሲዞር ወይም ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት «ዝዝ» የሚል ስሜት የድብርት ምልክቶች አይደሉም። ሐዘን፣ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ ራስን መውቀስ እየከረሙ ሲመጡ ግን ወደ ሕመሙ ያመለክታሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ንዴት የሁለቱም ስለሆኑ ለብቻቸው አይፈረድባቸውም። ሦስተኛው፣ መድኃኒቱ በቀድሞ መጠኑ ሲመለስ የሚሆነው ነው። የማቆም ምልክት ከሆነ በአንድና በሁለት ቀን ረገብ ይላል፤ ድብርት ቢሆን ኖሮ ሳምንታት ይወስድ ነበር።

«ሱስ ነው» ለሚለውም መልስ ያስፈልጋል። የሱስ መለያው ነገሩን መናፈቅ፣ መጠኑን እያሳደጉ መሄድና ለእሱ ሲሉ ሌላውን ኑሮ መተው ነው። የድብርት መድኃኒት እንዲህ አያደርግም፤ ፍሉኦክሰቲን አማረኝ ብሎ ንብረት የሸጠ ሰው የለም። ሰውነት ግን ለመድኃኒቱ መላመዱ እውነት ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም በድንገት ሲቆሙ ግፊቱን ሽቅብ ያፈናጥሩታል፤ ሱስ ናቸው የሚላቸው ግን የለም። በሌላ በኩል ታካሚውን «ምንም አይሰማህም፣ በሐሳብህ ነው» ብሎ የሚመልስ ባለሙያም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው «ላንሴት ሳይካያትሪ» መጽሔት የወጣ፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን ጥናቶች ያጠቃለለ ትንተና መድኃኒቱን ካቆሙት 31 በመቶ፣ የማስመሰያ ኪኒን ካቆሙት ደግሞ 17 በመቶ ምልክት እንደታየባቸው አሳይቷል። በመድኃኒቱ የተነሣ የሚቸገረው ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንዱ ነው እንደ ማለት ነው። ከባድ ምልክት የታየባቸው 3 በመቶ ያህል ናቸው። ቁጥሩ ለማስፈራራት አይበቃም፤ ለመናቅ ግን ይበዛል።

ለማቆም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ጊዜው መሆኑን ከሐኪሙ ጋር ይመርምር። የዓለም ጤና ድርጅት በአእምሮ ጤና ላይ ላልሠለጠኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ታካሚው ምልክት ጠፍቶለት ከ9 እስከ 12 ወር ከቆየ በኋላ ማቆምን ማሰብ እንደሚቻል፣ ቅነሳውም ቢያንስ 4 ሳምንት እንዲፈጅ ይመክራል። ድብርቱ ከአንድ ጊዜ በላይ የተመላለሰበት ሰው ከዚህ የረዘመ ጊዜ ሊያስፈልገው ይችላል። ለቅሶ ባለበት ወር፣ ፈተና ሲደርስ፣ ወይም በወለዱ ማግሥት አይጀመርም። የእንግሊዝ የጤና ጥራት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከላይ ያየነውን ስሌት ይከተላል፤ እያንዳንዱ ቅነሳ ከቀደመው መጠን ላይ ይሰላል፣ መጀመሪያ በግማሽ፣ መጠኑ እያነሰ ሲሄድ በሩብ። ለምሳሌ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ከተስማማ ወደ ግማሽ ኪኒን ወርዶ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ሲረጋጋ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዓመታት የወሰደ ሰው ይህ ወራት ቢወስድበት አይገረም። በመሃል ከከበደው ወደ ቀደመው መጠን ተመልሶ ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት ሽንፈት አይደለም። በውጭ አገር ለዚህ የሚረዳ ፈሳሽ መድኃኒት አለ፤ እኛ ዘንድ በቀላሉ ስለማይገኝ ያለንን ኪኒን በጥንቃቄ ከፍሎ መጠቀም ነው። ካፕሱል ግን በራስዎ ከፍተው አይቁረሱ፣ አያፍስሱም።

ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ማዘዣው በሚጻፍበት ቀን «ይህን መድኃኒት ቢያልቅብህም፣ ቢያስጠላህም፣ ቢሻልህም ሳትነግረኝ በአንድ ቀን አታቁም» የሚል ቃል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ክምችቱ እያለቀ መሆኑን የሚያውቀው ፋርማሲስት ታካሚው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢነግረው፣ አቻ መድኃኒት የሚታዘዝበት ጊዜ ይገኛል። የወረፋውን ብዛት አውቃለሁ፤ ከዚያው ወረፋ ብዙው ግን መድኃኒቱን በድንገት አቁሞ የተመለሰ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ። ለጾም የሚሆን መላም አለ። አብዛኞቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ በመሆናቸው ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል። አሚትሪፕቲሊን ድሮም የማታ ነው። ፍሉኦክሰቲን እንቅልፍ ለሚነሣቸው የሙስሊም ጾመኞች የሱሁር ሰዓት ይመቻል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በድንገት ከማቆም ይልቅ በዚያው ሳምንት ሐኪም ታማክር፤ ያልታከመ ድብርትም ለእናትም ለጽንስም ጉዳት አለው። የድብርት መድኃኒት እየወሰዱ ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል መጨመር ደግሞ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ለፋርማሲስቱ ሳይናገሩ አይግዙ።

መድኃኒት ሲጀመርም፣ መጠኑ ሲለወጥም፣ ሲቆምም ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ሰውዬው ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት ማውራት ሲጀምር ነው፤ በተለይ ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል ይሻሉ። ሌላው ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ ሲበዛ፣ ንግግሩ ሲፈጥን፣ ገንዘብ ሲበትን ነው። እንዲህ ሲሆን በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ብቻውን አይተዉት። በቤት ያለውን ኪኒን በሙሉም ሌላ ሰው ይያዘው፤ አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን ስለሚያውክ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መቆለፍ አለበት።